አፉ ወደ ጥልቁ የዞረ አጥር

በዛሬው መርከብ አባቷን ይዛው ትሄዳለች፣ አለቀ፣ ስፋክስ ከተማ ቤቷ ክፍሉ ተሰናድቷል፣ እምቢ ካለም እየጎተተች፣ አባት ይጎተታል እንዴ ነጅዋ፣ ምን ዓይነት ልጅ ነሽ። ግን በጥቅምት ያየችውስ? ስድሳ ዓመት ሙሉ በዚህ በቀርቀና ደሴት ጉልበት የማያልፍ ባሕር ላይ ዓሣ የሚያጠምድበትን የዘንባባ ዝንጣፊ አጥር ሲተክል የኖረ፣ ከአያቶቹ የወረሰውን ባሕር ዓይኑን ጨፍኖ የሚያጥር ሰው፣ የአጥሩን አፍ ወደ ጥልቁ አዙሮ ተከለው። ውሃው ሲሸሽ ዓሣውን ከዳርቻ ጠርጎ ነው የሚሄደው፣ አፉ ወደ ዳርቻ ካልሆነ ምን ሊገባለት፣ ይህን የደሴቱ ሕፃን ያውቀዋል። አእምሮው ከዳው። በሐምሌ እኮ ደህና ነበር፣ ሐብሐብ እየቆረጠ ሲያሾፍባት፣ የከተማዋ እመቤት መጣች፣ ምንጣፍ አንጥፉ! በጥር ስትመጣም አጥሩ ያው እንደዞረ። ቅርጫቱ ግን ሙሉ። እንዴት?

አሁን ሚያዝያ፣ ማለዳ፣ ውሃው ቀዝቃዛ፣ ጎረቤታቸው ትጃኒ አጎንብሶ ከራሱ ቅርጫት ነፍስ ያለው ዓሣ እያወጣ የአባቷ ወጥመድ ውስጥ ይከታል። ሲያያት ይደነግጣል። አደራ ልጄ፣ አባትሽ እንዳይሰማ፣ ሽማግሌ ማሳፈር ነውር ነው። ስንት ማለዳ፣ በዚያ ብርድ፣ ያውም ትጃኒ፣ ሚስቱን ቀብሮ ከአልጋ አልወርድም ያለ ሰው። አሁንስ አባቷን መውሰድ ግድ ነው፣ እስከ መቼ የሰው ሸክም ሆኖ።

አባዬ፣ በቃ እንሂድ፣ እኔ ጋ። ቀና ብሎ ያያታል። አጥሩን አይተሽ ነው? አዎ። ስቼ ነው የተከልኩት፣ እርጅና ነው፣ በሳምንቱ ነቃሁ። ታዲያ ለምን አላዞርከውም? መንገዱን ገልመጥ አድርጎ ያያል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ትጃኒ ከአልጋው የሚነሳው ወጥመዴን ሊሞላልኝ ብሎ ነው ልጄ፣ ባስተካክለው ተመልሶ ይተኛል፣ ከተኛ ደግሞ ይሞትብኛል።

እሷ ደግሞ ጓዙን ልትጠቀልል። ታፍራለች። ደስ ይላታል። ስፋክስ ሊቀበላቸው ለሚጠብቀው ወንድሟ ትደውላለች፣ ወደብ አትምጣ፣ ምን ብላ? ደህና ነው፣ ከእኔም ካንተም ደህና ነው ብላ፣ እሱ ይጮሃል፣ ይጩህ።

አባቷ ቅርጫቱን ከፍ አድርጎ፣ ሆን ብሎ፣ ትጃኒ! ዛሬም ሞላልኝ! ከማዶ ደግሞ ትጃኒ፣ አንተንማ ባሕሩ ይወድሃል፣ እኔን ነው የናቀኝ! ነጅዋ ፊቷን ወደ ውሃው ታዞራለች፣ ትስቃለች፣ እንባዋ ይወርዳል፣ አንዳቸውም እንዳያዩባት።