«የለም» የሚል ማኅተም

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ አራት ዓመት አልረሳሁም።

የምሠራው ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው። እናቴ ስትሞት ካርዷን ወደ ሙታን መደርደሪያ ያዛወርኩት እኔው ነኝ። ያን ቀን ከፍቼ አነበብኩት። ሐኪሟ፣ ዛሬ ዳይሬክተራችን የሆነው ሰውዬ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ «በባህላዊ እምነቷ ምክንያት የስኳር መድኃኒቷን እምቢ አለች» ብሎ ጽፏል። እናቴ እምቢ አላለችም። አሥራ አንድ ጊዜ የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ተሰልፋ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ማዘዣዋ ላይ «የለም» የሚል ማኅተም ተመትቶበት ተመልሳለች። የውጭ መድኃኒት ቤት ዋጋ ደግሞ ለልብስ አጣቢ አይቀመስም። አሥራ አንዱንም ወረቀት ትራሷ ሥር አገኘኋቸውና ካርዷ ላይ አያያዝኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስወጣ የመድኃኒት ቤቱን ቅርጫት እየገለበጥኩ፣ ሰው ተናዶ የጣለውን ማዘዣ ሁሉ በየባለቤቱ ካርድ ላይ በስቴፕለር አያያዝኩ። ሐኪሞች የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ስለሚያዩ ማንም አላወቀብኝም። ቂም ይዞ ጸሎት አይሆንም ይላሉ፤ ቂም ይዞ ካርድ መደርደር ግን እንዴት ይሆናል መሰላችሁ!

ዘንድሮ አንዲት የሕክምና አንትሮፖሎጂ ተመራማሪ መጣች። ድሆች ለምን መድኃኒት እንደማይወስዱ ልታጠና ነው።

«እምነታቸው ነው ዶክተር፣ ካርዳቸው ይመሰክራል» አላት ዳይሬክተሩ። ወደ እኔ ዞሮ «እምቢ ያሉትን ሁሉ አውጪላት» አለኝ።

በገዛ አፉ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሦስት መቶ ካርድ በጋሪ ገፋሁላት፤ የእናቴን ከላይ አድርጌ።

ተመራማሪዋ የመጀመሪያውን ከፍታ ማኅተሞቹን ቆጠረች። ሌላ ከፈተች።

«የኔ እህት፣ እነዚህን ማን አያያዛቸው?»

«እኔ። የመጀመሪያዋ እናቴ ናት።»

ሳምንት ሙሉ ከበሽተኞቹ ጋር ተሰልፋ ጠየቀቻቸው። ከዚያ ካርዶቹን መለሰችልኝና ነገ ፎቶ ላነሳቸው እመጣለሁ አለች።

ዳይሬክተሩ ይህን ሲሰማ ላብ አጥምቆት ካርድ ክፍል ድረስ መጣ።

«እነዚያን ወረቀቶች አሁኑኑ ንቀያቸው!»

«መድኃኒቱ እንደሌለ አያውቁም ነበር?»

«አውቅ ነበር። ታዲያ ምን ልጻፍ? ሆስፒታሉን ላሳጣው?»

የእናቴን ካርድ አንስቼ ደረቴ ላይ ያዝኩት። እንደሚያባርረኝ ዓይኑ ላይ አየሁ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይህን ሰው አንተ ብዬው አላውቅም ነበር።

«እምቢ» አልኩት። «ይህንንም ጻፈው። ምክንያቷ እምነቷ ነው ብለህ ግን እንዳትዋሽ። እናቷ ናት በል።»