ስልኩ ባሕር አይወርድም

በፓቴ ደሴት፣ በፋዛ ከተማ፣ ነፋስ ሊለወጥ ሲል የማይታወቀው ሰው የለም። ራያ ግን ከነፋሱ ይልቅ የባሏ መለወጥ ቀድሞ ይታወቃታል።

ባሏ ፋማው ናሆዳ ነው፤ የባለ ሸራ ጀልባ አዛዥ። ትልቁ አንጀቱ ላይ ካንሰር ተገኝቶበት ሞምባሳ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ ያንን ወገብ የሚሰብር መድኃኒት ጨርሶ ቤቱ ከገባ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከዚያ ወዲህ በሽታው ተመልሶ እንደሆነ ለማየት በየሦስት ወሩ ሞምባሳ እየሄደ ደም ይሰጣል። ቀጠሮው ሲቃረብ ታዲያ ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናል። ዓሣው ጨው በዝቶበታል፣ በሩ ይንቋቋል፣ ጎረቤት ይጮኻል፤ ደህና የቆመውን መደርደሪያ አፍርሶ እንደገና ሲመታ ይውላል።

"መጣ እንግዲህ የደም ሰሞን" ትላለች ራያ፣ መዶሻውን ስትሰማ።

ውጤቱ ደህና ነው ሲባል ለጥቂት ቀን እንደ ሙሽራ ይፈነጥዛል። ከዚያ የሚቀጥለውን ማሰብ ይጀምራል። የባሰው ደግሞ ነገሩን ሁሉ "ከምርመራው በኋላ" ማለቱ ነው። የጣሪያው ጥገና ከምርመራው በኋላ። የዘመድ ጥየቃ ከምርመራው በኋላ። ጀልባዋን "ሱቢራ"ንም መሪዋን ለታናሽ ወንድሙ ለባካሪ ሰጥቶ፣ እሱ ዳር ቆሞ የሚያይ ሆኗል። "ሆዴ ምን እንደያዘ ሳላውቅ የሰው ነፍስ ይዤ አልወጣም" ይላል።

በዚህ ላይ የአሁኑ ውጤት ደህና አልመጣም። ደሙ ውስጥ የምትለካዋ ቁጥር ትንሽ ከፍ ብላ ተገኘች።

"ካንሰሩ ተመለሰ ማለት አይደለም" አለችው የምታክመው ዶክተር ኛምቡራ። "ከፍ የሚያደርጋት ብዙ ነገር አለ። ደሙን ደግመን እናያለን፣ ሆድዎንም በስካን እናያለን። ውጤቱ እጄ እንደገባ ራሴ እደውላለሁ።"

ደሙንም ሰጠ፤ ስካኑም ውስጥ ገብቶ ወጣ፤ የሚያመውን ጥርሱን በእጁ ደግፎ በአውቶቡስና በጀልባ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ስልኩን ከእጁ አላወረደም። ሲበላ ከሳህኑ ጎን፣ ሲተኛ ከትራሱ ሥር ነው። አንዴ የሽንኩርት ነጋዴ በስህተት ደውሎለት ያ ምስኪን የሰማው ስድብ አይነሣ።

በየዓመቱ ፋዛ ወደብ ላይ የሚካሄደው የጀልባ ውድድር የሚደረግበት ጧት ስልኩ ገና አልጮኸም ነበር። ባካሪ እያለከለከ ገባ።

"ወንድሜ፣ ዛሬስ መሪውን ያዝልን። በአላህ! እኔ ስይዘው ሁለት ዓመት ሙሉ የኮምቦን ቂጥ እያየን ነው የምንገባው።"

ኮምቦ የጎረቤቷ ከተማ የሲዩ ናሆዳ ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከፋማው ጋር ሲፎካከር የኖረ፣ አፉም እንደ ሸራው የሰፋ።

"ከውጤቱ በኋላ" አለ ፋማው።

ራያ ኮኮናት የምትፈቀፍቅበትን ትታ ተነሣች። "ከውጤቱ በኋላ ምን አለ? ንገረኝ እስቲ! ሌላ ምርመራ ነው ያለው። ከዚያ በኋላስ? ሌላ። ዶክተሯ እኮ ዳንክ ብላ የላከችህ እንድትኖር ነው፣ እንድትጠብቅ አይደለም። ስልኩን ወዲህ በል!"

"ብትደውልስ?"

"አነሣዋለሁ። አፍ የለኝም? ስልኩ ባሕር አይወርድም፤ አንተ ግን ትወርዳለህ።"

ፋማው አንዴ ወንድሙን፣ አንዴ ሚስቱን አየ። ከዚያ ስልኩን፣ ልጅ የሚያስረክብ ይመስል በሁለት እጁ ሰጣት።

ወደቡ ላይ ሰው እንደ ጉንዳን ፈሷል። ፋማው ሽርጡን ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ሲገባ ጩኸቱ ቀለጠ። "ናሆዳ! ናሆዳችን መጣ!" የጀልባዋ ሰዎች እጁን ይዘው ጎተቱት። ኮምቦ ከራሱ ጀልባ ላይ ቆሞ እጁን አፉ ላይ አደረገ።

"ፋማው! በግማሽ አንጀት ልትወዳደረኝ ነው?"

"ላንተ ግማሹም ይተርፍሃል! ሙሉውን ይዤ ብመጣ ግፍ ይሆንብኛል!"

የሲዩ ሰዎች ሳይቀሩ ሳቁ። ያኔ ከበሮው ተመታ።

ሸራዎቹ ተወጥረው ወጡ። ሱቢራ ዘለለች፤ ነፋሱ ጎኗን ሲመታት አጋደለች፤ ሦስት ሰዎች ከጀልባዋ ውጭ በተዘረጋው ሳንቃ ላይ ወጥተው ሚዛኗን ያዙ፣ እግራቸው አረፋውን እየቀዘፈ። ፋማው መሪውን ሲጨብጥ እንጨቱ መዳፉ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ተሰማው። ዐውቀዋለሁ፣ አለ በልቡ። ይህን ዐውቀዋለሁ።

ጀልባዎቹ የሚዞሩበት በርሜል ጋ ሲደርሱ ኮምቦ ቀደመ። ቀድሞም አልቀረ፣ በነፋሱ በኩል ተሰልፎ በሸራው ነፋሳቸውን ጋረደባቸው። የሱቢራ ሸራ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተልፈሰፈሰ።

"ያው ነው! እንደ አምናው ነው!" አለ ባካሪ በንዴት።

ፋማው ወደ ግራ አየ። ጀልባ ሁሉ ዞሮት የሚያልፈው የአሸዋ ደለል አለ። ባሕሩ እየሞላ ነበር፤ ደለሉ ላይ ያለው ውሃ ቀለሙ ከቅድሙ ትንሽ ጠቆር ብሏል። ትንሽ ብቻ።

"በደለሉ ላይ እንሄዳለን" አለ።

"አብደሃል? ታችዋን አሸዋው ይይዘዋል!"

"ቀጥ ብላ ከሄደች ይይዘዋል። ተጋድማ ከሄደች ግን አይነካውም። ሳንቃ ላይ ያላችሁ፣ ግቡ! ሁላችሁም ወደ ዝቅተኛው ጎን! 'አሁን' ስል ብቻ!"

መሪውን ጠመዘዘው። ሱቢራ ከኮምቦ ጥላ ስትወጣ ነፋሱን አገኘችና ሸራዋ እንደ ጥይት ጮኸ። አሸዋው ከታች ነጭ ሆኖ ታየ፤ ከዚያ ሸርጣኖቹ ታዩ፤ ከዚያ የሸርጣኖቹ እግር።

"አሁን!"

ሰዎቹ ሁሉ በአንድ ጎን ተደፉ። ጀልባዋ እንደ ሰካራም ተጋደመች፤ ባሕሩ በጠርዟ ላይ እየዘለለ ገባ። አንዱ በባልዲ ይቀዳል፣ አንዱ በእጁ ይረጫል፣ አንዱ ቁርኣን ይቀራል። ከሥር ክርርር የሚል ድምፅ ተሰማ። ጀልባዋ ተንገጫገጨች።

"ነይ እናቴ" አለ ፋማው ለጀልባዋ። "ነይ፣ ነይ፣ ነይ!"

ድምፁ ጠፋ። ታቹ ሰማያዊ ሆነ። "አለፍን! ወላሂ አለፍን! ወደ ላይ፣ ወደ ሳንቃው!" ፋማው ይጮኻል፣ ይስቃል፤ ጨዋማው ውሃ ከዓይኑ ይሁን ከባሕሩ አልለየውም። ኮምቦ ዙሪያውን ሲዞር እነሱ በቀጥታ መጥተው ነበር። ወደቡ ፊት ሁለቱ ጀልባዎች ትከሻ ለትከሻ ተያያዙ፤ ኮምቦ ይራገማል፣ ባካሪ ይሳደባል፤ በመጨረሻ ሱቢራ በአፍንጫዋ ብቻ ቀድማ ገባች።

ሰው ከነልብሱ ውሃ ውስጥ ገባ። ፋማው ዘሎ ሲወርድ ነበር ራያን ያያት። ጥቁር ልብሷ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ፣ ስልኩን ከራሷ በላይ ይዛ እየቀዘፈች ትመጣለች። ያኔ ብቻ ትዝ አለው። ከከበሮው ጀምሮ ሆዱን አንዴም አላሰበውም ነበር።

"ደወለች?"

"መስመር ላይ ናት! 'ባሕር ላይ ነው፣ ይኸው እየገባ ነው' ብያት አልዘጋ አለችኝ። በል እንካ!"

ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። "ዶክተር?"

"ይህ ሁሉ ጩኸት ምንድን ነው? አሸነፉ?"

"በአፍንጫ!"

"እሰይ! እንግዲያው ሁለተኛውን የምሥራች ይስሙ። ቁጥሯ ወርዳለች፣ ወደ ድሮ ቦታዋ ተመልሳለች። ስካኑም ንጹሕ ነው። ምንም አላየንም።"

"ምንም?"

"ምንም። ያቺ የምታምዎት ጥርስ መግላ ከፍ አድርጋት ይሆናል፤ በእርግጥ ግን አላውቅም። ጥርሱን ያስነቅሉ። ከሦስት ወር በኋላ እንገናኝ።"

ፋማው ስልኩን ከጆሮው አውርዶ ወደ ሚስቱ ዞረ። ራያ ፊቱን አይታ ገባት፤ እልልታዋን ለቀቀችው። ሴቶቹ ተቀበሏት። ባካሪና ሰዎቹ ወንድሙን አንሥተው ወደ ላይ ወረወሩት።

"ጠባሳዬን! ጠባሳዬን ተጠንቀቁ እናንተ አህዮች!" እያለ እየሳቀ ወደቀ፤ ደግመው ወረወሩት።

ኮምቦ ውሃውን እየረገጠ መጣ። "ይህ ዕድል ነው እንጂ ብልሃት አይደለም። ከሦስት ወር በኋላ፣ በእኛ ወደብ፣ በሲዩ! ወንድ ከሆንክ!"

ባካሪ ደነገጠ። "ከሦስት ወር በኋላማ ሞምባሳ…" ብሎ ወንድሙን አየው። "ያኔ የደም ሰሞን ነው። ውጤቱም ላይደርስ ይችላል።"

ፋማው ከጢሙ ላይ ውሃውን ጠረገ። "ደሙን ሰጥቼ በማግስቱ እመጣለሁ። ውጤቱ በራሱ መንገድ ይምጣ፤ ደህናም ይሁን አይሁን እኔ መሪው ላይ ነኝ። ሰማህ ኮምቦ? ሸራህን አስጠግን!"

"የማንን ሸራ ነው?" ብሎ ኮምቦ ጮኸ፤ ከዚያ ግን የፋማውን እርጥብ ትከሻ በክንዱ አቀፈና ሁለቱ እየተሰዳደቡ ለተወዳዳሪዎቹ የተዘጋጀው ሩዝ ወደሚታደልበት ወጡ።