የአስናቀው ሹሩባ

አስናቀው ቢቸና ገበያ ዳር ካለ ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ፣ አምሳ ዓመት የተጠጋው ዝምተኛ ሰው ነበር። ሚስቱ አስቻለች ከሞተች ወዲህ ፀጉሩን መቀስ አልነካውም። የሐዘን ፀጉር ነው፤ ዘመድ ተሰብስቦ "ይብቃህ" ብሎ ካላስፈታ በቀር ሰው በገዛ ፈቃዱ አይቆርጠውም። ተዝካሯ ወጣ፣ ሙት ዓመቷም አለፈ። ልጅ አልነበራቸውም። አንድ ወንድሙ ደጀን ወርዶ ከጭነት መኪና ጋር ይንከራተታል። እናም "ይብቃህ" የሚል ሰው ሳይመጣ ፀጉሩ ትከሻው ላይ ወረደ።

መንገዱ ሰላም በነበረበት ዓመት ነው። ቲያትር ጽፎ ተዋናይ የሚያሰባስብ ዘመነ የሚባል ወጣት የሞጣ መምህር አክስቱን ሊጠይቅ ቢቸና መጥቶ፣ ጤፏን ተሸክሞላት ወፍጮ ቤት ገባ። አስናቀውን ሲያይ ጆንያውን ሳያወርድ ቆሞ ቀረ።

"ጋሼ፣ ይህን ፀጉር ሹሩባ ብናሠራዎት ይፈቅዳሉ?"

አስናቀው የሰማውን ስላላመነ ወፍጮውን አጠፋ። ዘመነ አስረዳው። ቲያትሩ ውስጥ ከጫካ የሚመለስ አንድ አርበኛ አለ። ሰው ሠራሽ ፀጉር ቢያደርጉለት እንደ ቆብ እየተንሸራተተ ሁሉንም አሳቀ።

"ድሮ ሹሩባ የሚሠራ ወንድ እኮ የገደለ ነው። ተመልካቹ ገና ሲያየው መፍራት አለበት።"

"እኔ ዶሮ ለማሳረድ እንኳ ጎረቤት ስጠራ የኖርኩ ሰው ነኝ" አለ አስናቀው።

"መናገር የለብዎትም። ገብተው መቀመጥ ብቻ ነው።"

ለምን እሺ እንዳለ እሱም አላወቀው። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ሰው ስለፈለገው ይሆናል።

ቅዳሜ በሚኒባስ ግንደወይንን አልፎ ሞጣ ገባ። ዘመነ እትዬ ይርጋነሽ ከሚባሉ ሹሩባ ሠሪ ቤት አድርሶት ሄደ። ሴትዮዋ ፀጉሩን በጣታቸው ከፈል ከፈል እያደረጉ አዩት።

"የማን ሐዘን ነው?"

"የባለቤቴ።"

"ማን አስፈታህ?"

"ማንም" አለ አስናቀው። እትዬ ይርጋነሽ እጃቸውን አነሡ። "ሐዘን ላይ ሹሩባ አልሠራም" አሉና ጥቂት አሰቡ። "እንግዲህ ሌላ ሰው ከሌለ እኔ ልበልህ። ይብቃህ፣ ወንድሜ። እሷንም ነፍሷን ይማር።"

ጫፉን በመቀስ ቆረጥ አድርገውለት ቅቤ ቀቡትና መጎንጎን ጀመሩ። ጣታቸው ከግንባሩ ተነሥቶ እስከ ማጅራቱ ሲወርድ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"ጠበቀብህ እንዴ?"

"አዎ፣ ትንሽ ጠበቀ" አለ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አስናቀው ጦርና ጋሻ ይዞ ብቅ ሲል ወሬው ሁሉ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዲት ሴት እልልታዋን አቀለጠችው፤ ፊት ወንበር ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌም ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡለት። በዕድሜው ሰው ሲነሣለት ያየው ያን ቀን ነው።

ቲያትሩ ሲያልቅ ወጣቶቹ እየተሳሳቁ ልብሳቸውን ቀየሩ። ዘመነ ጦሩን ተቀብሎ አመሰገነው። "ነገ እትዬ ይርጋነሽ ይፍቱልዎት። ደግሞ ሲኖር እንደውላለን" አለው። አስናቀው ግን ሳያስፈታ ተሳፈረ።

ወፍጮ ቤት የመጡት ሴቶች "አርበኛችን!" እያሉ ተቀበሉት። ማን ሠራህ፣ ምን አልክ፣ ፈራህ ወይ እያሉ አስወሩት። እንደዚያ ሳምንት አውርቶ አያውቅም። በተከታዩ ሳምንት ጥያቄው ቀነሰ፤ ቀጥሎም እህላቸውን ብቻ እያስፈጩ ይሄዱ ጀመር። ሹሩባው ላልቶ፣ ዱቄት በየመካከሉ ገብቶ ያሳክከው ነበር። ስልኩም አልጮኸም። አንድ እሁድ ጧት መስታወት ፊት ተቀምጦ የፊቱን ፈታ። የማጅራቱን ግን ዓይኑ አያየው፣ ጣቱ አይለየው፤ ክንዱ እስኪዝል ታግሎ ተወው። ቤቱን ዞር ብሎ አየ። የሚጠራው ሰው አልነበረም። ራሱን በፎጣ ጠቅልሎ ሞጣ ሄደ።

የእትዬ ይርጋነሽ ቤት በሙሽራና በሚዜዎቿ ተሞልቶ ነበር።

"ለማን ነው?" አሉት ቀና ብለው።

"ለኔው ነው። የቲያትሩ ሰው ነኝ።"

"ውይ! አርበኛው!"

ልጃገረዶቹ ሳቁ። በሩ አጠገብ ተቀምጦ ተራውን ጠበቀ። ሲደርሰው እትዬ ይርጋነሽ ከሙሽራዋ ጋር ስለ ድግሱ በራሱ ላይ እያወሩ ፈቱለት። እጃቸው ፈጣን ነበር።

"ዘመነ እኮ ቲያትሩን ደብረ ማርቆስ ወሰደው። ከባሕር ዳር ልክክ የሚል ሰው ሠራሽ ፀጉር አግኝቶ፣ አማረለት አሉ።"

"ደግ አደረገ" አለ አስናቀው።

"ካማረህ እንደገና ልሥራልህ?"

"ለየትኛው ቲያትር?"

ሳቁ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ወጥቶ መናኸሪያው አጠገብ ያለ ፀጉር ቤት ገባና በአጭሩ አስቆረጠው። ሚኒባሱ ውስጥ ጆሮው ሥር ነፋስ ሲገባው ኮቱን ሽቅብ ሳበ።

ሰኞ ጧት ገና ወፍጮውን ሳያስነሣ አንዲት የገጠር ሴት ጤፏን አወረደች። ፊቱን አየችው፣ ቤቱንም ቃኘች።

"ያ ባለ ፀጉሩ ሰውዬ ወዴት ሄደ?"

"ለቋል" አላትና ጆንያዋን ተቀበላት።