ከአጥሩ ሥር የተገኘ ወላጅ

1.

«ጋሼ፣ ለዛሬ ብቻ ወላጄ ሁነኝ።»

2. ከትምህርት ቤቱ በር ላይ የተለጠፈ

በፀሐይ በር ሰፈር ለወላጆች የሚጠቅሙ አገልግሎቶች

ሀ. የደንብ ልብስ ስፌት፦ ከአጥሩ ሥር፣ ሰማያዊ ሸራ የወጠረው ልጅ ዘንድ።
ለ. የዓይን ምርመራ፦ ጤና ጣቢያ፣ ዘወትር ሐሙስ። ለተማሪዎች በነፃ።
ሐ. ከትምህርት በኋላ ልጅ የሚያቆዩ፦ ብሎክ 14፣ ምድር ቤት።
መ. የወላጆች ስብሰባ፦ ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ።

ከዝርዝሩ አንድ አገልግሎት ጎድሏል። ትምህርት ቤቱ ስላላወቀው ነው።

3.

ሰማያዊ ሸራ የወጠረው ልጅ ልሳነወርቅ ይባላል። ሃያ አምስት ዓመቱ ነው። ስሙን ያወጡለት አያቱ «ይህ ልጅ ተናጋሪ ይወጣዋል» ብለው ነበር። ስሙ ወጣ፤ ንግግሩ ውስጥ ቀረ። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሰ ከዴስኩ ተነሥቶ የስፌት መኪና ፊት ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲህ ሲያናግሩት ከአንገቱ ላይ ሜትሩን እያወረደ የሰውን ትከሻ ይለካል። ለመልስ ጊዜ ለማግኘት ነው። በየኮሌታው ውስጥ የልጁን ስም በክር ይጽፋል፤ አንዲት ፊደል ከተዛነፈች ፈትቶ እንደገና ይሰፋታል።

ሰፈሩ ከከተማው ዳር የተሠራ ኮንዶሚኒየም ነው። አምስተኛ ፎቅ አለ፤ ሊፍት የለም። ቧንቧ አለ፤ ውኃው በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። ልጅ ሞልቷል፤ ወላጅ ግን ጎሕ ሳይቀድ በሰርቪስ ይወጣና ልጁ ሲያንቀላፋ ይመለሳል።

በዚህ ሰፈር በቀን ወላጅ ማግኘት ከውኃው ይብሳል።

4.

ታዲያ የሦስተኛ ክፍሉ ዳግማዊ የመስኮት መስታወት ሰበረና «ወላጅ ሳታመጣ ክፍል እንዳትገባ» ተባለ። ዳግማዊ ከበሩ ወጣ፤ ግራና ቀኝ አየ። ከሸራው ሥር አንድ ትልቅ ሰው ተቀምጧል።

«ምን አጠፋህ?» አለ ልሳነወርቅ።

«እኔ አይደለሁም፤ ኳሷ ናት።»

«አባትህስ?»

«ሞያሌ። መኪናውን ይዞ ሄዷል።»

«እናትህ?»

«ፋብሪካ። ጋሼ፣ ሥራው እኮ ቀላል ነው፤ ዝም ብሎ መቆም ነው። አንተ ደግሞ ዝም ማለት ታውቅበታለህ።»

5. የልሳነወርቅ መልስ

 

 

 

(ቦታውን የተውኩት «አይሆንም» ይል ይሆናል ብዬ ነው። እኔም ጠበቅኩ፤ ልጁም ጠበቀ። ልጁ ቀደመኝና እጁን ይዞት ገባ።)

6. ወላጅ ለመሆን የሚረዳ መመሪያ

ኮፍያህን አውልቅ።

ሜትሩን ከአንገትህ ላይ አንሣ። (ልሳነወርቅ ረስቶታል።)

የዩኒት መሪዋ መምህርት አስካለ ሲቆጡ መሬት መሬት እይ። ሲተነፍሱ «ልክ ነዎት» በል። ሌላ ቃል አትጨምር።

መዝገቡ ላይ ፈርም።

ስትወጡ የልጁን ጆሮ ያዝ፤ እንዳትጠመዝዘው። ለእይታ ነው።

7.

መምህርት አስካለ በሃያ ሁለት ዓመት የማስተማር ዘመናቸው እንዲህ ያለ ወላጅ ገጥሟቸው አያውቅም። ሌላው ይከራከራል፤ «የእኔ ልጅ አያደርገውም» ይላል፤ ቀበሌ ድረስ እሄዳለሁ የሚልም አለ። ይኼኛው አጎንብሶ እስከ መጨረሻው ሰማቸው። ቁጣቸው የሚይዘው አጥቶ በረደ።

ወሬው በአንድ እረፍት ሰዓት ግቢውን አዳረሰ። ጥር ሳይገባ ልሳነወርቅ የሰባት ልጆች ወላጅ ሆነ፦ የዳግማዊ ታላቅ ወንድም፤ የመንትዮቹ አጎት፤ የሦስት ወንዶች ልጆች የአክስት ልጅ።*

እና የኤፍራታ።

* ልብስ ሰፊው መሆኑን መምህርቷ አያውቁም ወይ? አሳምረው ያውቃሉ። «አንተስ ዘመዳም ሰው ነህ!» ይሉታል።

8. ከዩኒት መሪዋ ቢሮ

መምህርት አስካለ፦ ኤፍራታ አራተኛ ክፍል ደርሳ ከሰሌዳ አትገለብጥም! ከጎረቤቷ ደብተር ነው የምትቀዳው።

ልሳነወርቅ፦ ልክ ነዎት።

መምህርት አስካለ፦ ሦስት ደብዳቤ ላክሁ!

ልሳነወርቅ፦ ልክ ነዎት።

መምህርት አስካለ፦ ስንፍና ነው እንጂ ሌላ ምንድን ነው? በዚህ ዓይነት ክፍል ትደግማለች።

ልሳነወርቅ፦ ልክ…

9.

በማግሥቱ ኤፍራታ የተጠገነ ሹራቧን ልትወስድ መጣች። ኮሌታውን ገልብጣ አፍንጫዋ ድረስ አስጠጋችው።

«ምን ይሸትሻል?» አላት።

«ስሜን እያነበብኩ ነው። ቆንጆ አድርገህ ጽፈኸዋል።»

መርፌው እጁ ላይ ቆመ።

«በሩ ላይ ያለው ማስታወቂያስ ይነበብሻል?»

«የምን ማስታወቂያ?»

በሩ አምስት እርምጃ ላይ ነበር።

10. ደብዳቤዎቹ

ሦስቱም ልሳነወርቅ ዘንድ ናቸው፤ በመርፌ ማስቀመጫው ቆርቆሮ ውስጥ። ኤፍራታ ናት ያመጣችለት። «ለወላጅ ስጪ ብለውኛል፤ ወላጄ አንተ አይደለህ?» ብላ።

እናቷ ወይዘሮ እቴነሽ አበባ እርሻ ነው የሚሠሩት። ቁጣም ሆነ ደብዳቤ ደርሷቸው አያውቅም። ስለዚህ ልጃቸው ደኅና ናት። መንገድ ላይ ሲያገኙት እንኳ «ልጄ እኮ አንድ ቀን ወላጅ አምጪ ተብላ አታውቅም» ብለው ነግረውታል።

ልሳነወርቅ ያን ቀን ትከሻቸውን ለካ።

11. ከዚያ በኋላ ያደረጋቸው ነገሮች

ለወይዘሮ እቴነሽ ደብዳቤ ጻፈ። አንድም ስሕተት አልነበረበትም። አልሰጣቸውም።

ብሎካቸው አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጣ። በሩ ላይ ቆመ። የመብራት ቆጣሪውን ቁጥር አነበበ። ወረደ።

በልቡ «ዓይኗ ነው» አለ። በልብ ሲባል አጭር ነገር ነው።

ከዚያ ቅዳሜ ደረሰ።

12. ከወላጆች ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

መምህርት አስካለ፦ አሁን ወደ ወላጆች ተወካይ ምርጫ እንሂድ። ዘንድሮ አንድ ወላጅ ዐሥራ አንድ ጊዜ ትምህርት ቤታችን ተገኝቷል። እሱን እጠቁማለሁ። ተነሥ ልሳነወርቅ፣ አትፈር።

አንድ አባት፦ ለመሆኑ የማን ወላጅ ነው?

መምህርት አስካለ፦ የብዙ ልጆች ነው። ለምሳሌ የዳግማዊ ታላቅ ወንድም ነው።

አባት፦ ኧረ የዳግማዊ አባት እኔ ነኝ! ዳግማዊ የበኩር ልጄ ነው!

ከኋላ የተሰማ ድምፅ፦ አንተ ሞያሌ ስትመላለስ ታላቁ ተወለደልሃ! (ሳቅ።)

መምህርት አስካለ፦ ጸጥታ! ልሳነወርቅ፣ አንተ የማን ወላጅ ነህ?

ልሳነወርቅ፦

 

 

ልሳነወርቅ፦ የማንም።

(ጫጫታ።)

ልሳነወርቅ፦ የኤፍራታ እናት አሉ?

ወይዘሮ እቴነሽ፦ አለሁ። ምን አደረገችህ?

ልሳነወርቅ፦ ምንም። አይታያትም።

ወይዘሮ እቴነሽ፦ ምኑ ነው የማይታያት?

ልሳነወርቅ፦ ሰሌዳው። በሩም። ከክንድ የራቀ ሁሉ። ሰነፍ አይደለችም።

(ጸሐፊው እዚህ ላይ «ዝምታ ሆነ» ብሎ ጽፏል። ከዚያ «ዝምታ»ን ሰርዞ ምንም አልተካበትም።)

13.

ይዞት የመጣውን ቆርቆሮ ከፍቶ ሦስቱን ደብዳቤ ለወይዘሮ እቴነሽ ሰጣቸው። አንደኛው ላይ መርፌ ተሰክቶበት ነበር።

«ስንት ጊዜ ሆነው ይኼ?»

«የመጀመሪያው ከኅዳር ነው።»

«ከኅዳር! ልጄ ሰሌዳ ሳታይ ሦስት ወር ስትቀመጥ፣ አንተ ደብዳቤዬን መርፌ ታሳድርበታለህ?»

«ልክ ነዎት።»

«ልክ ነዎት አትበለኝ!»

ልሳነወርቅ ሌላ ቃል አላዘጋጀም ነበር። ሜትሩን ፈለገ፤ ሸራው ሥር ትቶት መጥቷል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ በመጨረሻ። «እምቢ ማለት አቃተኝ። ልጆቹ ሲለምኑኝ አቃተኝ፤ ከዚያ ደግሞ እርስዎን መንገር አቃተኝ። አራተኛ ፎቅ ድረስ መጥቼ ነበር።»

«በሩን ማንኳኳትስ?»

«እሱም አቃተኝ።»

መምህርት አስካለ ከመድረኩ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ነበር። «ሰነፍ ያልኳትስ እኔ ነኝ» አሉ፤ ለማንም አልነበረም። የተወካዩ ምርጫ ለሌላ ቀን ተላለፈ።

14.

እሑድ ጠዋት ወይዘሮ እቴነሽ ሸራው ሥር መጡ። ፊታቸው አልተፈታም።

«ትናንት ማታ ደውዬ ለሐሙሱ የዓይን ምርመራ ፈቃድ ብጠይቅ አለቃዬ ከለከለኝ። ቢፈጥን ለቀጣዩ ወር ነው ያለው። ፈተናው ደግሞ ከዚያ በፊት ነው።»

ልሳነወርቅ ትከሻቸውን አልለካም።

«ያለ እኔ ፈቃድ ወላጅ ሆነህ ነበር። አሁን እኔው ልላክህ። ግን እንደ ልማድህ ቆመህ የምትመለስ ከሆነ አልፈልግም። ትጠይቃለህ፤ ያሉህን ሁሉ እኔ ዘንድ ታመጣለህ፤ በሬን ታንኳኳለህ።» ከዚያም «እምቢ ማለትም ትችላለህ» አሉት።

ይኼ አዲስ ነገር ነበር። እስከዛሬ ይህን ያለው ሰው የለም። ልሳነወርቅ «እምቢ» የሚለውን ቃል አፉ ውስጥ አገላበጠው፤ ለካስ ከባድ አልነበረም።

«አልልም» አለ።

15. ሐሙስ፣ ጤና ጣቢያ

መስኮቱ ፊት ረጅም ሰልፍ አለ። ኤፍራታ እጁን ይዛ «ስንተኛ ደረስን?» ትለዋለች፤ ሰልፉ የሚታያት ከፊቷ እስካሉት ሴትዮ ድረስ ነው። «አራተኛ» ይላታል። «ሦስተኛ» ይላታል። የዛሬን ያህል አውርቶ አያውቅም።

ነርሷ ቅጹን ትሞላለች፦

የታካሚዋ ስም፦ ኤፍራታ ተክሌ
ዕድሜ፦ ዐሥር
ክፍል፦ አራተኛ
ይዟት የመጣው ሰው፦ ልሳነወርቅ በዛብህ

«ምኗ ነህ?» አለች ነርሷ፤ ቀና ሳትል።

የሚያውቃቸው መልሶች ሁሉ ተራ በተራ መጡለት። ታላቅ ወንድም። አጎት። የአክስት ልጅ። ሁሉንም ለብሷቸው ያውቃል፤ አንዳቸውም በልኩ አልተሰፉም።

«ወንድሜ፣ ሰው እየጠበቀ ነው። ምኗ ልበል?»

ኤፍራታ ዓይኗን አጥብባ ፊቱን ለማየት ተንጠራራች። እሱም በደንብ እንድታየው ዝቅ አለላት።

«ንገራታ» አለችው።

ልሳነወርቅ አፉን ከፈተ።

ከታካሚዋ ጋር ያለው ዝምድና፦ ____________________