ማክሰኞ ማን ይመጣል

ፍርዶስ ሰይድ ዲቪ ደርሷት ከጅማ ወደ አሜሪካዋ ኮለምበስ በመጣች በመንፈቋ ኮሮና ገባ። ያኔ ዋይትሆል በሚባል ሰፈር ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ተከራይታ ከምህረት ጋር ትኖር ነበር። ምህረት የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ የተዋወቁት እዚሁ፣ ሥራ ሲያመለክቱ ነው። አንዷ ስትጾም ሌላዋ እየበላች፣ አንዷ ስትተኛ ሌላዋ ወደ ሺፍቷ እየወጣች፣ ያም ሆኖ ተስማምተው ይኖሩ ነበር። በዚያው ሰሞን የምህረት እህት ሚኒያፖሊስ ወለደች። ምህረትም "አራሷን ሁለት ሳምንት ላግዛትና እመጣለሁ" ብላ አንድ ሻንጣ ይዛ ሄደች። ሁለቱ ሳምንት ወር ሆነ፤ ወሩም ወራት ሆነ። በመጨረሻ እዚያው ሥራ ማግኘቷን በስልክ ነገረቻት።

"ዕቃዬን ለሚፈልግ ሰው ስጪልኝ" አለቻት።

ፍርዶስ ለማንም አልሰጠችም። የሚፈልግ ሰውም አላወቀችም። የክፍሉን በር ዘግታ ተወችው።

ሥራዋ ከኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ትልቅ ዌርሃውስ ውስጥ ነበር። ሳጥን ታነሣለች፣ ሳጥን ትደረድራለች። ድሮ ሠራተኞቹ ምሳቸውን እየተጨዋወቱ ይበሉ ነበር፤ አሁን ጠረጴዛው ሁሉ በፕላስቲክ ተከልሎ ሁሉም በየበኩሉ አንገቱን ደፍቶ ይጎርሳል። መሬቱ ላይ ቢጫ መስመር ተለጥፏል፤ ከዚያ አልፎ ሰው አጠገብ መቆም አይፈቀድም። ዓመት ሙሉ አብረዋት የሠሩ ሰዎች ጭምብሏን አውልቃ መንገድ ላይ ቢያገኟት አያውቋትም። እሷም አታውቃቸውም።

ነገሩ የገባት በፈረንጆቹ 2021 የዒድ ዕለት ነው። ሶላቱ ሜዳ ላይ ተራርቆ ተሰገደ። ሲያበቃ ሴቶቹ እንደ ወትሮው ሊሳሳሙ ጠጋ ብለው፣ ትዝ ሲላቸው ቆሙ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በሩቁ "ዒድ ሙባረክ" ተባባሉ። ፍርዶስ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሣ ተቀመጠች። ምህረት ስትሄድ አቅፋ ስማታለች። ከዚያ ወዲህ የሰው እጅ ያረፈባት ክትባት ስትወጋ ብቻ ነው፤ ነርሷም ጓንት አድርጋ ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የመኪናዋ ጎማ አስቸግሯት ፍራንክሊንተን ወዳለ ጎማ ቤት ወሰደችው። ሠራተኛው ወረፋ ስላለ ቆየት ብላ እንድትመለስ ነገራት። በእግሯ ወደ ወንዙ በኩል ስትሄድ ከአንድ ሜዳ ጩኸት ሰማች። በሽቦው አጥር አሻግራ ስታይ ሴቶች ናቸው። ከወዲህም ከወዲያም ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው፣ አጎንብሰው፣ ራሳቸውን አንዳቸው ከሌላቸው መሃል ሰክተው ይገፋፋሉ። እግራቸው ሥር ሞላላ ኳስ አለች። ፍርዶስ መጀመሪያ የተጣሉ መስሏት ነበር። ወዲያው ግን ወደቁና፣ ተነባብረው እንደተኙ ይስቁ ጀመር።

አንዲት ረጅም ጥቁር ሴት ውሃ ልትጠጣ ወደ አጥሩ ስትመጣ አየቻት።

"ኢትዮጵያዊት ነሽ?" አለቻት በእንግሊዝኛ።

"አዎ።"

"እኔ ኬንያዊት ነኝ፤ አኪኒ እባላለሁ። ጎረቤታሞች ነን ማለት ነው።"

"ይሄ የምትጫወቱት ምንድን ነው?"

"ራግቢ ነዋ። አታውቂውም?"

"ኧረ አላውቀውም።"

አኪኒ ከልቧ ያዘነች መሰለች። "እናንተ አገር ሩጫ ብቻ ነው። ትሮጫለሽ?"

"አልሮጥም። እኔ ሳጥን ነው የማነሣው።"

አኪኒ ከትከሻዋ እስከ እግሯ አየቻትና "እሱማ ይሻላል" አለች። "ማክሰኞና ሐሙስ እዚሁ ነን። ነይ።"

ፍርዶስ እንደማትሄድ እያሰበች ማክሰኞ ሄደች። አሠልጣኟ ዳያን የምትባል ፀጉሯ የሸበተ አሜሪካዊት ናት። ስለ ሂጃቧ ምንም አላለችም፤ በሚቀጥለው ልምምድ ግን ራስ ላይ ጥብቅ የሚል፣ ለስፖርት የተሠራ ገዝታ አመጣችላት። የጨዋታው ሕግ ለፍርዶስ የገባት ቀስ በቀስ ነው። ኳሷ በእጅ ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት አትወረወርም። ኳስ የያዘን ሰው ይዞ መጣል ይፈቀዳል። ጨዋታው ሲቋረጥ ደግሞ ከሁለቱም ቡድን ስምንት ስምንት ሰው ተቃቅፎ ይገፋፋል፤ ስክረም ይሉታል። እሷን ከፊተኛው ረድፍ በግራ በኩል አቆሟት።

መሃል ያለችው ሴት ክንዷን በፍርዶስ ጀርባ አዙራ ማሊያዋን በጭብጧ ጨመደደችው። ሌላዋ ከኋላ መጥታ በትከሻዋ ደገፈቻት። የፍርዶስ ዙሪያ የሰው ሙቀት፣ የሰው ላብ፣ የሰው ትንፋሽ ሆነ። "ጠበቅ አርጊኝ" አለቻት የመሃሏ። ጠበቅ አደረገቻት። ዳያን ድምፅ ስትሰጥ ገፉ። የፍርዶስ ዓይን እንባ ሞላ፤ አጎንብሳ ስለነበር እንባው ሣሩ ላይ ተንጠባጠበ እንጂ ማንም አላየባትም።

ከዚያ ወዲያ ማክሰኞና ሐሙስ ቀርታ አታውቅም። ለሱፐርቫይዘሯ ነግራ ሺፍቷን ወደ ጠዋት አስቀየረች። ሰውነቷ በለዘ፤ ጉልበቷ ተላጠ፤ ሸሽቷት የነበረው እንቅልፏም ተመለሰ። አኪኒ ነርስ ናት፤ ከሥራ የተረፋትን ጊዜ ሁሉ የምታጠፋው ስለ ራግቢ በማውራት ነው። "ፊጂን አታይም?" ትላታለች። "ባሕር መሃል ያለች ጠብታ አገር ናት፤ የኦሎምፒክ ወርቅ ትወስዳለች። ኬንያ አለ፣ ኡጋንዳ አለ፣ ማዳጋስካር አለ። ይሄ ጨዋታ ገና ዓለምን ያዳርሳል። እናንተም ጋ ይደርሳል፤ ያኔ አንቺ አሠልጣኝ ትሆኛለሽ።" ፍርዶስ ትስቃለች።

ነገር ግን ሜዳ ላይ እንዲያ የተቃቀፉ ሰዎች ከመስመሩ ሲወጡ በየመኪናቸው ይበተናሉ። አንዳንዶቹ ቢራ ሊጠጡ ይሄዳሉ፤ ፍርዶስ አንድ ሁለቴ አብራቸው ሄዳ ኮካዋን ይዛ ተቀመጠች፤ ሙዚቃው ጮክ ያለ፣ ወሬው ፈጣን ነበር፤ ተወችው። ለእናቷ "ስፖርት ጀመርኩ" ብላ በስልክ ስትነግራት እናቷ "በእግርሽ መንቀሳቀስሽ ጥሩ ነው" አለቻት። ፍርዶስም አላረመቻትም። ሴት ልጅ ሴት ልጅን ይዛ መሬት ላይ እንደምትጥል በምን ቃል ይነገራል?

ክረምቱ አልፎ በ2022 ጸደይ ልምምድ ሲጀመር ሰዉ ሳስቷል። አንዷ አርግዛለች፣ አንዷ የጉልበቷ ጅማት ተበጥሶ ተኝታለች፣ ሁለቱ ሥራ ቀይረው ከከተማው ወጥተዋል። ፍርዶስ ረመዳንን ጾማ ተለማመደች፤ ውሃ ሳትቀምስ ስትገፋ ያዩ ሴቶች ጀርባዋን መታ መታ ያደርጓት ነበር።

ግንቦት ውስጥ አንድ ሐሙስ አኪኒ ስልኳን ከፍ አድርጋ እየሮጠች ወደ ሜዳው ገባች።

"ተወሰነ" አለች እያለከለከች። "የዓለም ዋንጫው አሜሪካ ይመጣል። በ2031 የወንዶቹ፣ በ2033 የሴቶቹ። ዛሬ ደብሊን ላይ ተወሰነ።"

"እዚህ እኛ ደብሊን?" አለች ፍርዶስ፣ በከተማው ዳር ያለውን፣ ቢሮ የሞላበትን ሰፈር አስባ።

"የአየርላንዱ ደብሊን" አለች አኪኒ፤ ሁሉም ሳቁ። አኪኒ ፍርዶስን አቅፋ ከመሬት ልታነሣት ሞከረችና አቃታት። "ከእንግዲህ ሰው ይጎርፋል፤ ታያለሽ።"

ቅዳሜ ከሌላ ከተማ ከመጣ ቡድን ጋር ግጥሚያ ነበራቸው። አሥራ አምስት ሰው ያስፈልጋል፤ የተገኙት አሥራ አንድ ናቸው። ዳያን ወደ ወዲያኞቹ ሄዳ ተነጋገረች። እነሱም ጨዋታው እንዳይሰረዝ ከተቀያሪዎቻቸው አራት አበደሯቸው፤ በዚህ ጨዋታ ነውር የለውም። ፍርዶስ ስሟን እንኳ ከማታውቀው ልጅ ጋር ተቃቅፋ ገፋች። ከእረፍት በኋላ ስክረሙ መሃሉ ላይ ተደረመሰ። ፍርዶስ በትከሻዋ መሬት ስትመታ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማት።

ከአንገቷ ሥር ወደ ትከሻዋ የሚሄደው አጥንት ነበር። ከመስመሩ ውጭ አስቀምጠው ክንዷን በጨርቅ አሰሩላት። ዳያን ተንበርክካ "ማንን እንጥራልሽ?" አለቻት።

ፍርዶስ አሰበች። ምህረት ሚኒያፖሊስ ናት፤ ድምፅዋን ከሰማች ወራት አልፈዋል። እናቷ ጅማ ናት፤ ብትሰማ ከመጨነቅ በቀር ምን ታደርጋለች? የሱፐርቫይዘሯ ቁጥር ስልኳ ላይ አለ። ከዚህ ሌላ ማንም አልመጣላትም።

"ማንንም አትጥሩ" አለች።

አኪኒ ጨዋታውን አቋርጣ ወጣች፤ ከፍርዶስ ቦርሳ የመኪናውን ቁልፍ አወጣችና እስከ ጭቃዋ ሆስፒታል ወሰደቻት፤ እስኪጨርሱም ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች።

በማግስቱ ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩት ጋሼ ጀማነህ ደረጃው ላይ አገኟት። ሽማግሌው ኡበር ይነዳሉ፤ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተጨዋውተው አያውቁም።

"ምነው ልጄ፣ እጅሽን ምን ነካው?"

"ወድቄ ነው ጋሼ።"

"ሥራ ላይ?"

"አዎ፣ ሥራ ላይ" አለች። ለምን እንደዋሸች ራሷም አልገባትም። "አይዞሽ፣ አላህ ይማርሽ" ብለዋት ወጡ፤ ማታ በሯ ላይ በፌስታል ብርቱካን ተንጠልጥሎ አገኘች።

ሰኔ ላይ ዳያን ደብሊን፣ የዚህኛው ደብሊን፣ ስለ ዓለም ዋንጫው ዝግጅት ስብሰባ አለ ብላ ይዛት ሄደች። አንድ ዘመናዊ ቢሮ ውስጥ ከየክለቡ የመጡ ሰዎች ተሰብስበዋል። መድረኩ ላይ የወጣው ሰውዬ በትልቅ ስክሪን ወደ ላይ የሚወጣ መስመር አሳያቸው። በየትምህርት ቤቱ ቡድን ይቋቋማል፤ ስታዲየሞች ይሞላሉ፤ ተጫዋቹ በዚህን ያህል እጥፍ ይጨምራል አለ። አነጋገሩ የሚያምር፣ የሚያምንበትም ነበር። ጥያቄ ካለ ሲል ፍርዶስ ያልታሰረ እጇን አነሣች።

"እስከዚያ ድረስስ" አለች፣ እንግሊዝኛዋ እየተደነቃቀፈ፣ "ማክሰኞ ማን ይመጣል?"

አንዳንዶች ሳቁ። ሰውዬው አልሳቀም። "ስንት ናችሁ?" አላት።

"ባለፈው ማክሰኞ አራት። ከእኔ ጋር፤ እኔ ደግሞ እንደምታየኝ ነኝ።"

"እኔ ባደግኩበት ከተማም ሰባት ነበርን" አለ። "መልሱን አላውቀውም። እውነቱን ልንገርሽ ብዬ ነው።" አድራሻቸውን ጻፈ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለዳያን አንድ ትልቅ ካርቶን መጣላት፤ ውስጡ አሥራ ሁለት አዲስ ኳሶች ነበሩ።

በዚያው ወር አኪኒ ሂዩስተን ሥራ አገኘች። መሄዷን የነገረቻት ሜዳው ዳር ተቀምጠው ነው። ፍርዶስ "እንኳን ደስ ያለሽ" አለቻት፤ ደስታዋም የእውነት ነበር። ልትሄድ ስትነሣ አኪኒ የተሰበረውን ጎን እንዳትነካ በአንድ ወገን አቀፈቻት።

የፍርዶስ አጥንት ሲገጥም ነሐሴ ገብቶ ነበር። የመጀመሪያው ማክሰኞ ሜዳው ላይ ዳያን ብቻዋን ቆማ፣ ካርቶኑ እግሯ ሥር ነበር። ሌላ ሰው ይመጣ እንደሆነ ጠበቁ። አልመጣም። ሁለት ሰው ስክረም አይሠራም። ፀሐዩ እስኪያዘቀዝቅ አንዷን ኳስ ሲቀባበሉ ቆዩ፤ የቀሩት አሥራ አንዱ ካርቶን ውስጥ እንደተኙ ነበሩ።

"በዚህ ዓመት ቡድን የለንም" አለች ዳያን በመጨረሻ። "ዴይተን ያለው ክለብ ሰው ይቀበላል። ሩቅ ነው፤ ከሥራ በኋላ ይከብድሻል።"

"አንቺስ?"

"እኔ እዚሁ ማክሰኞ ማክሰኞ እቆማለሁ። አንድ ሰው በአጥሩ ሲያይ ቢገኝ።"

ፍርዶስ በመስከረም ዴይተን ሄደች። ከሥራ ወጥታ ልብሷን መኪና ውስጥ ቀይራ በጭነት መኪኖች መሃል ወደ ምዕራብ ነዳች። ሜዳው ላይ የሚያውቃት የለም። ስሟን ሦስቴ አስደገሟትና አንዷ "ፊርዲ ይበቃል" አለች። ግራ በኩል ቁሚ አሏት፤ ቆመች። ክንድ በጀርባዋ ዞረ፤ ማሊያዋ ተጨመደደ። ያልዳነ ያህል የሚሰማት ትከሻዋ ቢያማትም ገፋች።

ሲያበቃ እንደ ሁሌው ሁሉም ወደየመኪናው ሄደ። ከመንገዱ ዳር ካለ ነዳጅ ማደያ ቆማ ሳንድዊቿን ስትበላ አኪኒ ከሂዩስተን ደወለች።

"ስንት ነበራችሁ?"

"ሃያ ሁለት።"

"አትዪኝም" አለች አኪኒ። ቀጥላም፣ "እኔም እዚህ ቡድን አገኘሁ። ክንፍ ላይ አሰለፉኝ። ስሜን ገና አልያዙትም።"

"የእኔንም አልያዙትም።"

ስልኩን ወዲያው አልዘጉም። ፍርዶስ በአኪኒ በኩል ማቀዝቀዣው ሲያጉረመርም ሰማች፤ አኪኒም ምናልባት ከዚህ የሚያልፉትን የጭነት መኪኖች ትሰማ ይሆናል። ከዚያ ፍርዶስ ገና መንገድ እንዳለባት፣ ጠዋትም ሥራ እንደምትገባ ነግራት ሞተሩን አስነሣች።