የሾላው ሰልስት

ሾላው የተቆረጠው ማክሰኞ ነው። ጥላው ግን ረቡዕ ጠዋትም እዚያው ነበር።

ይህ የሆነው ድሬዳዋ፣ እኔ ጆንያ የምሰፋበት ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ነው። ደብሪቱ እባላለሁ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባል የለ? ቅርንጫፉን ሰው ሁሉ ተሸክሞ ወደየቤቱ ወስዶታል፤ ጉቶው ላይ ሲሚንቶ ፈስሶበታል። ጥላው ደግሞ እንደ ወትሮው ጠዋት የስፌት ክፍሉ ጣራ ላይ ይወጣል፣ ከሰዓት ወደ አጥሩ ይዞራል። ውስጡ የወፎች ጥላ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል። ወፎቹ የሉም። ፈቲያ ልጇን ታስተኛበት የነበረው የሽርጥ ዥዋዥዌም ጥላው ቀርቷል፤ ባዶውን ጠፍጠፍ ብሎ ይወዛወዛል። ሽርጡን ግን ፈቲያ ማክሰኞ ዕለት ፈታ ወስዳዋለች።

ፈቲያ ከእኔ ማሽን አጠገብ ነው የምትሰፋው። ባሏ ባጃጅ ይነዳል፤ ልጅ የሚይዝላት ዘመድ እዚህ የላትም፤ ፋብሪካው የሕፃናት ማቆያ የለውም። ሥራ አስኪያጃችን አቶ መርዕድ ልጇን ሂክማን ሾላው ሥር እንድታስተኛት የፈቀደላት፣ «ጥላው እስካለ ድረስ ምን ቸገረኝ» ብሎ ነው። በቃ፣ እንጀራዋ የተንጠለጠለው እዚያ ጥላ ላይ ነበር።

የመቁረጡ ነገር የመጣው ከላይ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት «አካባቢን መጠበቅ የሁላችንም ጉዳይ ነው፤ ሠራተኛው ይሳተፍ» አለ። አቶ መርዕድ ክፉ ሰው አይደለም፤ የተባለውን ሳያደርግ የዋለበት ቀን ግን የለም። አረንጓዴ ኮፍያ አደለን። ጣራው ላይ ሶላር አስተከለ። ሶላሩ ጠዋት ጠዋት አልሠራ አለ፤ ሾላው ይጋርደዋል። ስለዚህ ስብሰባ ተጠራ፤ አዳራሹ ስለሚሞቅ ሾላው ሥር ተሰበሰብን።

«አካባቢያችንን ለመጠበቅ ሾላው ይቆረጥ የምትሉ?» አለ አቶ መርዕድ።

እጅ ወጣ። ምሳ ሰዓት ደርሷል፣ ሆድ ይጮሃል፤ አዲስ ኮፍያ ደፍቶ እጅ አለማውጣት ደግሞ ነውር ይመስላል። ያላወጣችው ፈቲያ ብቻ ናት፤ እያጠባች ስለነበር እጇ ተይዟል። ተቃውሞ ነው ብሎ የቆጠረላት የለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ እኛ ግን መሮጣችንን እንኳ አላወቅንም፤ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ተቀምጠን ነበርና።

ረቡዕ ጠዋት ፈቲያ ልጇን አዝላ መጣች። ዓይኗ አብጧል፤ ሥራ ልትለቅ ነው አመጣጧ። በሩ ላይ ቆማ ጥላውን አየችው። ከዚያ ገባችና ሰሌኗን አንጥፋ ሂክማን አስተኛቻት።

«ጥላ አለ አይደል?» አለችው አቶ መርዕድን።

ወደ ላይ አየ፣ ወደ ታች አየ። «አለ» አለ።

ሶላሩ ግን አሁንም አልሠራም። ከአዲስ አበባ ባለሙያ መጣ፤ ጣራው ላይ ወጥቶ ወረደ።

«ዛፍ አለ?» አለ።

«የለም። ቆርጠነዋል» አለ አቶ መርዕድ።

«ዛፍ ከሌለ ጥላ አይኖርም። ስለዚህ ችግር የለባችሁም።»

ይህን ያለው ጥላው ውስጥ ቆሞ፣ ላቡን እየጠረገ ነው። አመሰገንነው፤ ምሳ በላ፤ ሄደ።

መፍትሔውን ያመጣው የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወንድይፍራው ነው። ድሮ ባቡር ላይ የሠራ ሰው ነው፤ ሲናገር ዓይኑን ይጨፍናል። «ያልተለቀሰለት አይሄድም» አለ። «ስንት ዘመን እሱ ሥር ተሰብስበናል። ሲወድቅ ግን አንድ ሰው እንኳ እህ ብሎ አልተነፈሰም። ቅር ብሎት ነው የቆመው።»

«ታዲያ እንዲሄድ ምን ይደረግ?» አለ አቶ መርዕድ።

«ድንኳን ይተከላል። እስከ ሰልስቱ እንቀመጥለታለን።»

አቶ መርዕድ ኮፍያውን አስተካከለ። «ሠራተኛው ይሳተፋል?»

«ለቅሶ የሚቀር ሰው የለም» አለ ጋሽ ወንድይፍራው።

እንዲህ ተብሎ ድንኳኑ ጉቶው ላይ ተተከለ። የእድሩ አግዳሚ ወንበር ወጣ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ወንዶቹ ካርታ ጀመሩ። ሥራ የለም፤ ደሞዝ አለ። በየተራ ገብተን ፊታችንን ሸፍነን «ወይኔ ሾላዬ!» አልን። ኧረ እንዲያው ለመጮህማ ጮህን! ግን ከውስጥ የሚወጣ ነገር አልነበረም። ጥላውም አልተነቃነቀም፤ ድንኳኑ ላይ ወጥቶ ቁጭ አለ።

ፈቲያ አልመጣችም። ከድንኳኑ ውጪ፣ ጥላው ጫፍ ላይ፣ ልጇ አጠገብ ተቀምጣ ትውላለች። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እኔ አላለቅስም፣ እትዬ ደብሪቱ» አለችኝ። «ካለቀስኩ ይሄዳል። ከሄደ ደግሞ ሥራዬ አበቃ። ወላሂ፣ እንባዬ ከመጣ ምላሴን እነክሳለሁ።»

«የእኛውስ ልቅሶ?»

«አቦ ተይኝ! የናንተንማ እሱም ያውቀዋል።»



በሰልስቱ ጠዋት ጋሽ ወንድይፍራው ራሱ መጣ። አልተቆጣትም፤ ቢቆጣት ይሻል ነበር። «ፈቲያ ልጄ፣ አባትሽ ሲሞቱ እዚህ ድንኳን ውስጥ ያልተቀመጠ ማን ነበር?» አላት።

«ማንም አልነበረም።»

«ታዲያ?»

ለቅሶ መቅረት አይቻልም። ሰው ሠርግ ቢቀር ይቅር ይባላል። ፈቲያ ልጇን ታቅፋ ተነሣች፤ ገብታ አግዳሚው ዳር ተቀመጠች። ጥርሷን ነክሳ የድንኳኑን ምሰሶ ታያለች። አቶ መርዕድም ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ፊት ለፊት ተቀምጧል።

ያን ዕለት አልቃሽ ተጠርታ ነበር፤ እትዬ ብርቄ። ከሰፈር ለቅሶ የማትጠፋ፣ ለማታውቀው ሰው እንኳ እንደ ወንድሟ ሙሾ የምታወርድ ናት። ደረቷን መታ መታ አድርጋ ጀመረች።

«ሾላዬ ሾላዬ የግቢው አባወራ፣
ስንቱን አሳረፍከው ሲመለስ ከሥራ።»

እኛ «እህህ» አልን። ካርታ ተጫዋቾቹ ለወጉ ያህል ካርታቸውን አስቀመጡ። እትዬ ብርቄ ዞር ዞር ብላ አየች፤ ዓይኗ ፈቲያና ሕፃኗ ላይ አረፈ። ምንም አልነገርናትም። ሙያዋ ነው።

«እናት ማሽን ላይ ናት ጆንያ እየሰፋች፣
ልጇን ላንተ ሰጥታ ተማምና ገባች።»

ፈቲያ ምላሷን ነከሰች፤ ከንፈሯ ላይ ደም አየሁ። እንባው ግን መጣ። ድምፅ አላወጣችም፤ ዝም ብሎ ጉንጯ ላይ ወርዶ ሂክማ ግንባር ላይ ጠብ አለ። ያኔ ነው እኔም ያለቀስኩት፣ ሁላችንም ያለቀስነው፣ አቶ መርዕድ ጭምር። ለሾላው ይሁን ለእሷ እንጃ፤ ግን የእውነት ነበር። ምነው ያን ጊዜ እጃችን በተቆረጠ!

ጥላው ተነሣ። መጀመሪያ ጣራውን ለቀቀ፣ ከዚያ ድንኳኑን፣ ከዚያ እንደ ሰሌን ከዳር ወደ መሀል ተጠቀለለ። ከድንኳኑ ወጥተን ቆምን። በሽማግሌ እርምጃ ሲሚንቶውን አቋርጦ ወደ በሩ ሄደ። ዘበኛው ቆቡን አውልቆ ሁለቱንም መዝጊያ ከፈተለት። የወፎቹ ጥላ አብሮ አለፈ። በመጨረሻ ዥዋዥዌው አለፈ፤ ያ ስንት ቀን ባዶውን ሲወዛወዝ የከረመው አሁን ወደ ታች ረግቧል፤ ሕፃን የሚያህል ነገር የተኛበት ይመስላል።

በሩ ተዘጋ። የስፌት ክፍሉ መብራት ቦግ አለ፤ ማሽኖቹ ማንም ሳይነካቸው መንጫጫት ጀመሩ። ሶላሩ ሠራ። ሁለት ሦስት ሰው ከልማድ አጨበጨበና ወዲያው ተወው።

አቶ መርዕድ ወደ ፈቲያ ቀረበ። «እንግዲህ ፈቲያ፣ ጥላው…»

«አውቃለሁ» አለች።

ሰሌኗን ጠቀለለች። እኔ ፌስታሏን ያዝኩላት፤ ሌላ ምን ልያዝላት? ፀሐዩ ከወዲሁ ያቃጥላል፤ ግቢው ዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ብቻ ነው። እዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንዳችን እንኳ «ልጅቷ ቢሮ ትተኛ» አላልንም። ሐሳቡ የመጣልን ከሄደች በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሂክማ ደህና ናት። ነቅታለች፤ የእናቷን ሻሽ እየጎተተች ትስቃለች። ፈቲያ አቅፋት፣ እሹሩሩ እያለቻት፣ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ ወደ በሩ ሄደች። ዓይኗን ማየት አፍሬ ከኋላዋ ሆኜ መሬት መሬቱን ነበር የማየው።

ሲሚንቶው ላይ የፈቲያ ጥላ ከፊቷ ይሄዳል። ረዘም ያለ፣ ጥርት ያለ ጥላ ነው፤ ሻሹ ይታያል፣ ቀሚሱ ይታያል። ሁለት እጆቹን አጥፎ ወዲያና ወዲህ እያለ እሹሩሩ ይላል። እጆቹ መሀል ማንም የለም፤ ፀሐይ ብቻ ነው ያለው።