ሁለቴ የገባው ስኳር

ባሌ ቢራ ሲጠምቅ ማንም አጠገቡ ድርሽ አይልም። እኔም ጭምር! ጠርሙስ የማጠብ መብት ብቻ ነው ያለኝ። የፈላውን ቢራ በየጠርሙሱ ይቀዳና አንዳንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምሮ በቆርኪ ያሽገዋል። እርሾው ስኳሩን እየበላ ጋዝ ይሠራል፤ አረፋው የሚመጣው ከዚያ ነው። «ስኳሩ ከበዛ ቦምብ ነው» ይለኛል ሁልጊዜ፣ ሰምቼው እንደማላውቅ ሁሉ።

ዘንድሮ ግን ነገረ ሥራው አላማረኝም። የቤቱን ቁልፍ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጦት አገኘሁት። አንድ ቀን ደግሞ በሟች እህቱ ስም ጠራኝ። የወሰድኩት ሐኪም «እስቲ እንከታተለው» አለ። እኔ ግን እርጅና ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ምን ላድርግ? ፈራኋ!

ቅዳሜ ምሳ እየበላን ዕቃ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ጧ! አለ። ቀልቤ ተገፈፈ። ሮጠን ስንደርስ ባለፈው ሳምንት ካሸጋቸው ጠርሙሶች አንዱ ፈንድቶ ስብርባሪው ወለሉን ሞልቶታል።

«ጠርሙሱ ነው፤ ስንጥቅ ነበረበት» አልኩ ቶሎ ብዬ።

ወዲያው ሌላው ፈነዳ። ባሌ ጎንበስ ብሎ የፈሰሰውን በጣቱ ነክቶ ቀመሰው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ስኳር ሁለቴ ነው የገባበት» አለና እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አተኩሮ አየው። «እኔ... ጨምሬ ደግሜ ጨመርኩበት እንዴ?»



«እኔ ነኝ» አልኩት። «የረሳኸው መስሎኝ ጨመርኩበት።»

«አንቺ ሴት፣ ማን ንኪ አለሽ!»

የአንገቱ ደም ሥር ተገታትሮ ስድቡን ያወርደው ጀመር፤ ደፋር ነሽ፣ ነገር አበላሽ ነሽ፣ ያልሆንኩት የለም። ስድብ እንዲህ ጣፍጦኝ አያውቅም። ያ የማውቀው ነዝናዛ ባሌ ተመልሶ መጣልኝ!

የተረፉትን ጠርሙሶች በወፍራም ፎጣ እየጠቀለልኩ ያዝኩለት። እሱ ቆርኪውን በቀስታ ከፈት እያደረገ ጋዙን አስተነፈሰና በአዲስ ቆርኪ መልሶ አሸጋቸው። አንድም ጠብታ አልፈሰሰበትም። ሐኪም ደግሞ ምን ያውቃል፣ አልኩ በሆዴ። ደስ እያለኝ ስብርባሪውን ጠርጌ ልደፋ ወጣሁ።

ስመለስ አዲሶቹን ቆርኪዎች ነቃቅሎ፣ የስኳሩን ጣሳና ማንኪያውን ይዞ ቆሟል።

«ነይ ቶሎ በይ» አለኝ ፈገግ ብሎ። «ስኳር ሳንጨምርበት ልናሽገው ነበር እኮ!»

«እኔ ጨምሬበታለሁ» አልኩት።

«አንቺ ሴት፣ ማን ንኪ አለሽ!»

ቃል በቃል፣ በዚያው ቁጣ። ማንኪያውን ከእጁ ወሰድኩና እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።